አንድሮይድ ወይስ አይፎን? ባሕር ዳር ላይ ስልክ ለሚመርጡ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ ለመግዛት፣ ለመቀየር ወይም ለማስጠገን የሚነሡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ስልክ አምራቾቹም ሆኑ የስልኩ ቅንብሮች የሚጠቀሙት ይህንኑ ስለሆነ አንባቢ ለማመሳከር ይቀለዋል።

ስርዓተ ክወና ሲባል ምን ማለት ነው?

በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው ስርዓተ ክወና ቀፎውን የሚያዝዘው መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ጣትዎ ስክሪኑን ሲነካ፣ ካሜራው ሲከፈት፣ ሲም ካርዱ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ፣ ስልኩ ኪስዎ ውስጥ እያለ የቴሌግራም መልእክት ሲገባ በመካከል ሆኖ ሥራውን የሚያስተናብረው እሱ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሁለት በአንዱ ይሠራሉ፤ አንዱ ጉግል የሚመራው አንድሮይድ ሲሆን ሌላው አፕል ለአይፎን ብቻ የሚሠራው አይኦኤስ ነው። በዓለም ደረጃ ከአሥር ስማርት ስልኮች ሰባት ያህሉ አንድሮይድ ናቸው። ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ተሳፍሮ የሰዎችን እጅ ያስተዋለ ሰው ግን የአንድሮይድ ድርሻ እዚህ ከዚያም እንደሚበልጥ ሳይገምት አይቀርም።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

ሁለቱ ስርዓቶች ከተፈጠሩ ወዲህ አንዱ ከሌላው እየኮረጀ በጣም ስለተቀራረቡ፣ ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ የረባ መልስ አይገኝለትም። ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በጃንዋሪ 2007 ነበር፤ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ደግሞ በ2008 ለሽያጭ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነታቸው የጎላ ነበር። አይፎን ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ እንኳ የቻለው በ2009 ሲሆን፣ አንድሮይድ ከጅምሩ የነበረውን፣ ከላይ ወደ ታች ተስቦ የሚወርደውን የማሳወቂያ መጋረጃ ያስገባው በ2011 ነው፤ ዊጀቶችን (መተግበሪያው ሳይከፈት መረጃ የሚያሳዩ ትንንሽ ሣጥኖችን) በዋናው ገጽ ላይ ማስቀመጥንም እስከ 2020 ድረስ አልፈቀደም። አንድሮይድ በበኩሉ አንድ መተግበሪያ ካሜራውን ወይም ማይክሮፎኑን መጠቀም በፈለገ ጊዜ ለየብቻ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያደረገው በ2015 በወጣው ስድስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ተጠቃሚው የተደረደረለትን የፈቃድ ዝርዝር በጅምላ ተቀብሎ መተግበሪያውን መጫን፣ አለዚያም መተው ብቻ ነበር ምርጫው።

ዛሬ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊ ወይም የፔዳ ግቢ ተማሪ ከስልኩ የሚጠብቀውን፣ ማለትም ቴሌግራም፣ የትምህርት ፋይል፣ ጥሩ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያና እስከ ማታ የሚዘልቅ ባትሪ፣ ሁለቱም ይሰጡታል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት እዚህ ከተማ ስልክ የሚገዛ ሰው ከምርቱ ስም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ቀፎ ስንት ዓመት ማሻሻያ ቀርቶታል?» ብሎ ነው። እጃችን ላይ የሚገባው ስልክ አብዛኛው ወይ ዋጋው ዝቅ ያለ አዲስ አንድሮይድ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ዓመታት የተጠቀመበት አይፎን ነው። ሁለቱም ዕድሜ አላቸው፤ የሚያረጁበት መንገድ ግን ይለያያል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው መልስ የሚያጠነጥነው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ቴክኖም ሳምሰንግም አንድሮይድ ከሆኑ ለምን አይመሳሰሉም?

ጉግል የአንድሮይድን መሠረት ማንኛውም አምራች ወስዶ እንዲጠቀምበት ክፍት አድርጎታል። አምራቾች ይህን መሠረት ወስደው የየራሳቸውን ገጽታ፣ ምናሌና ተጨማሪ መተግበሪያ ይደርቡበታል፤ የቴክኖው ሃይኦኤስ፣ የኢንፊኒክሱ ኤክስኦኤስ፣ የሳምሰንጉም ዋን ዩአይ ይባላሉ። ጓደኛዎ «ቅንብሮች ውስጥ ገብተህ ይኼን ንካ» ብሎ በስልክ ሲመራዎ የጠቀሰው ቦታ እርስዎ ጋ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ርካሽ በሆኑት ቀፎዎች ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸው መተግበሪያዎች ተጭነው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም በማሳወቂያ መጋረጃው በኩል ማስታወቂያ ይልካሉ። የዋጋው መቀነስ ከፊሉ በዚህ መንገድ የሚካካስ መሆኑን ገዢው ቢያውቀው መልካም ነው።

ከገጽታው ይልቅ ክብደት ያለው ልዩነት ግን ማሻሻያው የሚደርስበት መንገድ ነው። አፕል ቀፎውንም ሶፍትዌሩንም የሚሠራው ራሱ ስለሆነ አዲስ እትም ባወጣ ቀን ድጋፍ ላላቸው አይፎኖች ሁሉ በአንድነት ይለቀቃል። በአንድሮይድ በኩል ጉግል አዲሱን እትም ካወጣ በኋላ የቺፑ አምራች ለቺፑ ያስማማዋል፣ የስልኩ አምራች የራሱን ገጽታ ደርቦ ይፈትሸዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለተጠቃሚው የሚደርሰው። በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ ርካሹ ስልክ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ወረፋው ሳይደርሰው ይቀራል። ጉግል መዘግየቱን ለመቀነስ በ2017 የስርዓቱን መሠረት ከአምራቾቹ ሥራ የሚለይ አደረጃጀት አስተዋወቀ፤ ከ2019 ጀምሮም አንዳንድ የደኅንነት ክፍሎችን በጉግል ፕሌይ በኩል በቀጥታ ማደስ ጀመረ። ይህም ችግሩን ቢያቃልለውም አላጠፋውም።

አንድ ስልክ ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው?

በአይፎን በኩል ያለፈውን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ ከዘጠነኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ያሉትን የአይኦኤስ እትሞች ተቀብሎ በ2022 ከዝርዝሩ ወጣ። በ2017 የወጡት አይፎን 8 እና አይፎን ኤክስ በአሥራ ስድስተኛው እትም ላይ ቆሙ። የ2018ቱ አይፎን ኤክስአር ደግሞ በ2025 የወጣውን አዲስ እትም ሳያገኝ ቀርቷል። እንግዲህ አይፎን ከወጣበት ቀን አንሥቶ በጥቅሉ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ዋና ማሻሻያ ያገኛል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ አፕል ከዚያም በኋላ ለአንዳንድ አሮጌ ቀፎዎች የደኅንነት ጥገና ብቻ የሚልክበት ጊዜ አለ።

በአንድሮይድ በኩል ጉግል በኦክቶበር 2023 ባወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በጃንዋሪ 2024 ባወጣቸው የጋላክሲ ኤስ24 ስልኮች የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ይህ ቃል ግን ውድ ለሆኑት ቀፎዎች የተገባ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዋና እትም፣ አንዳንዴም ምንም ሳያገኙ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዕድሜው የሚቆጠረው ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እርስዎ የገዙበት ቀን ከቁጥር አይገባም። በ2018 የወጣን ቀፎ በ2024 የገዛ ሰው ለእሱ አዲስ ይሁን እንጂ የገዛው የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ አንድ አሮጌ አይፎንና አንድ ዘንድሮ የወጣ መካከለኛ ሳምሰንግ ፊትዎ ቢቀርቡ፣ የአይፎኑ መስታወትና ካሜራ ዐይን ቢስቡም፣ ሂሳቡን ሠርተው ሲጨርሱ ሳምሰንጉ ሊያመዝን ይችላል። የሞዴሉን ስም ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ገጽ አንብቦ የወጣበትን ዓመት ከኢንተርኔት መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማሻሻያ ቆመ ማለት ስልኩ በማግስቱ ይሞታል ማለት አይደለም። መደወልም ፎቶ ማንሣትም ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ግን መተግበሪያዎቹ ይከዱታል። ዋትስአፕ በሜይ 2025 ከአይኦኤስ 15.1 በታች በሆኑ አይፎኖች ላይ መሥራት አቁሟል፤ በዚህም አይፎን 5ኤስ፣ አይፎን 6 እና አይፎን 6 ፕላስ ዋትስአፕ የማይሠራባቸው ሆነዋል። በአንጻሩ ዋትስአፕ በዚያው ጊዜ ከአምስተኛው እትም ጀምሮ ያሉትን አንድሮይዶች መደገፉን አላቋረጠም ነበር። አሮጌ አንድሮይድ ማሻሻያ ባያገኝም መተግበሪያዎች በቶሎ አይለቁትም፤ አሮጌ አይፎን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲታደስ ቆይቶ በአንድ ቀን ከብዙ ነገር ይቆረጣል። ሁለቱ የሚያረጁበት መንገድ ይለያያል ያልሁት ይህን ነው።

ከውጭ አገር የተላከልኝን ወይም ያገለገለ አይፎን ስቀበል ምን ልመልከት?

ከሁሉ በፊት ቀፎው ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መላቀቁን ይመልከቱ። አፕል በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር ያመጣው ቁልፍ፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንኳ የባለቤቱ የአፕል አካውንትና የይለፍ ቃል ካልገባበት እንዳይከፈት ያደርገዋል። ገበያ ላይ «አይክላውድ የተዘጋ» የሚባለው ይህ ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ከአንድ ሱቅ በርከት ያለ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው አይፎን ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ እንከን ከሠራ በኋላ፣ ማሻሻያ ሲጭንበት ተመልሶ የማያውቀውን ሰው አካውንት ጠየቀው። ቁልፉ የታለፈው በጊዜያዊ ዘዴ፣ ሠፈር ውስጥ «ባይፓስ» በሚባለው መንገድ ነበረና ማሻሻያው ዘዴውን አጠፋው። ሻጩም «እኔ ስሸጥልህ ይሠራ ነበር» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ዐይንዎ እያየ ከአካውንቱ እንዲወጣና ስልኩን እንዲደመስሰው ያድርጉ፤ ከዚያም እንደ አዲስ ከፍተው በራስዎ አካውንት ይግቡበት። አንድሮይድም ከ5.1 እትም፣ ማለትም ከ2015 ጀምሮ፣ ተመሳሳይ ቁልፍ ስላለው ጥንቃቄው ለሁለቱም ያገለግላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሲም ካርድ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በቀፎው ውስጥ በተቀበረው ኢሲም ብቻ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ ደርሶ የሲም ቀዳዳ ሲታጣ መደናገጥ እንዳይመጣ፣ ስልኩ ከመላኩ በፊት የሚጠቀሙበት የቴሌኮም ድርጅት ለዚያ ሞዴል ኢሲም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቀው ይወቁ። በተጨማሪም በውል የተሸጠ ስልክ ለአንድ የውጭ አገር ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላልና፣ ላኪው ክፍያውን ጨርሶ ማስከፈቱን ያረጋግጥልዎ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ማስከፈት አስቸጋሪ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም መያዝ የለመደ ሰውም አይፎን ሁለት መስመር መያዝ የጀመረው በ2018ቱ ኤክስኤስና ኤክስአር መሆኑን፣ እሱም በአብዛኛው አንዱ ሲም ሌላው ኢሲም ሆኖ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። አይፎን ከ2018 ጀምሮ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው በቅንብሮች ውስጥ ያሳያል። አፕል እንደሚለው እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን ይይዛሉ፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት ደግሞ 1000 ጊዜ። ቁጥሩ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ። በተቃራኒው አምስት ዓመት ያገለገለ ስልክ መቶ በመቶ ካሳየ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነውና በምን ዓይነት ባትሪ እንደተቀየረ ይጠይቁ።

አማርኛን የተሻለ የሚያስተናግደው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንድሮይድ በግልጽ ይቀድማል። የአንድሮይድ ምናሌ በሙሉ በአማርኛ ሊደረግ ይችላል፤ «ቅንብሮች»፣ «ማሳወቂያዎች»፣ «ምትኬ» የሚሉትን ቃላት ብዙዎቻችን በዚህ ትርጉማቸው የለመድናቸው ከስልክ ነው። የአይፎን ምናሌዎች ግን ወደ አማርኛ አልተተረጎሙም። የጉግል ኪቦርድ ለአማርኛ የፊደል ገበታ አለው፤ በኦገስት 2017 ደግሞ ጉግል አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ጋር ስለጨመረው፣ ማይክሮፎኗን ነክቶ በመናገር ብቻ መልእክት መጻፍ ይቻላል። ፊደል መልቀም ለሚያዳግታቸው ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ስልክ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የአፕሉ ሲሪ አማርኛ አይሰማም። ይሁንና አይፎን በ2014 ከአይኦኤስ 8 ጋር በሌሎች ድርጅቶች የተሠሩ ኪቦርዶችን ስለፈቀደ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ጭኖ መጻፍ አያስቸግርም።

አማርኛ በስልክ ላይ በትክክል መነበቡ ራሱ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በተመዘገቡበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1999 ሲሆን፣ ስልኮች ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ይዘው እስኪመጡ ድረስ ግን የአማርኛ መልእክት ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። የዛሬ ስልክ ሁሉ ፊደሉን ያሳያል። የቀረው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለስልኩ «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ፈጽሞ የማይገናኙ ምልክቶች ስለሆኑ፣ በስም ዝርዝር ውስጥ «ፀሐይ» ብለው የመዘገቧትን ሰው «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጓት ላያገኟት ይችላሉ። በዚህ ረገድ ሁለቱም ስርዓቶች እኩል ደካማ ናቸው፤ ለጊዜው ያለው መፍትሔ ስሞችን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መመዝገብ ነው።

የዘመን አቆጣጠርን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አፕል ለመተግበሪያ ሠሪዎች በሚያቀርበው የመሣሪያ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር «አመተ ምሕረት» በሚል ስያሜ፣ እንዲያውም ከ«አመተ ዓለም» ጋር ተለይቶ ተቀምጧል። አንድሮይድም የሚጠቀምበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ የእኛን አሥራ ሦስት ወሮች ያውቃል። ጳጉሜን የማታሳይ መተግበሪያ ሲያዩ እንግዲህ ጥፋቱ የስርዓተ ክወናው አይደለም፤ ሠሪው ያንን መሣሪያ አልተጠቀመበትም። ሰዓቱ ግን በሁለቱም ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለመነሣት ማንቂያውን ሰባት ሰዓት ላይ መሙላት ግድ ነው።

አንድ የግል አስተያየት ልጨምር። ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ ጠጋኙ ምናሌውን ማግኘት ይቸግረውና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ይህ ስለሆነ አማርኛውን መተው የለብንም፤ ቃላቱ የሚለመዱት በመጠቀም ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ወይም በሚቋረጥበት ጊዜ የትኛው ይረዳል?

በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ምን መሥራት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። ገንዘብ በቴሌብር ለማንቀሳቀስ *127# ብሎ መደወል በየትኛውም ቀፎ፣ በቁልፍ ስልክም ጭምር ይሠራል፤ ይህ አገልግሎት የሚጠቀመው ኢንተርኔትን ሳይሆን የስልክ ኔትወርኩን ራሱን ስለሆነ ስርዓተ ክወናው ለውጥ አያመጣም።

ልዩነት የሚመጣው መተግበሪያ ሲያስፈልግ ነው። በአንድሮይድ አንድ ሰው የጫነውን መተግበሪያ በብሉቱዝ ወይም በፋይል ማስተላለፊያ ለሌላው መስጠት ይችላል። ይህ የመጫኛ ፋይል ኤፒኬ ይባላል፤ ያለ ኢንተርኔት ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። በእኛ አገር አይፎን ላይ መተግበሪያ የሚጫነው ከአፕል መደብር ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት ከሌለ አዲስ ነገር መጫን አይቻልም። አፕል ይህን ሕግ መጀመሪያ ያላላው በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነው።

ካርታን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው። ጂፒኤስ ምልክቱን የሚቀበለው በቀጥታ ከሳተላይት ስለሆነ፣ የጣናን አካባቢ ካርታ አስቀድመው በስልክዎ ላይ ካወረዱ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሻገሩ ኔትወርክ ቢጠፋም የቆሙበትን ነጥብ ያያሉ። ያለ ኢንተርኔት የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ግን ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ካርታውን ከመነሻው ወደብ ላይ ከፍቶ መጠበቅ ይበጃል። ኢንተርኔት ኖሮም ፓኬጅ ለሚቆጥብ ሰው አንድሮይድ ከ2016፣ አይፎን ከ2019 ጀምሮ ዳታ መቆጠቢያ አላቸው፤ አንዴ ካበሩት ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠነቀቅልዎታል።

ለቴሌብርና ለባንክ መተግበሪያ ደኅንነቱ የሚሻለው የቱ ነው?

ከላይ የተነገረው የኤፒኬ ነፃነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ «የተሻሻለ» መተግበሪያ በውስጡ ምን እንደያዘ የሚመረምርልዎ የለም፤ የአጭር መልእክት ፈቃድ ከሰጡት ባንክዎ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ማንበብ ይችላል። አይፎን ይህን በር ስለዘጋ በዚህ አቅጣጫ የሚመጣው ጉዳት በእሱ ላይ እጅግ ያነሰ ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰውም የባንክና የገንዘብ መተግበሪያዎችን ከጉግል ፕሌይ ብቻ ቢጭን፣ ሌላ ነገርም ሲጭን የፈቃድ ጥያቄዎቹን እያነበበ ቢመልስ፣ አብዛኛውን አደጋ ያስቀራል። የካልኩሌተር መተግበሪያ የስልክ ቁጥሮችዎን ዝርዝር ከጠየቀ እምቢ ማለት ነው።

ስልኩን «ሩት» ማስደረግ፣ ማለትም የስርዓቱን የውስጥ ቁልፍ ማስከፈት፣ ከገንዘብ መተግበሪያ ጋር አይሄድም፤ ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ቀፎ ላይ አንሠራም ይላሉ። ልክ ናቸው። ደውሎ «የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» ለሚል አጭበርባሪ ግን አይፎንም አንድሮይድም መከላከያ የላቸውም።

ስልኬ ለምን ተንቀራፈፈ? «ፍላሽ» ላስደርገው?

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ማከማቻው መሙላቱ ነው። ስርዓተ ክወናው ለጊዜያዊ ሥራው ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ነገር ይዘገያል። መጀመሪያ የቴሌግራምን ክምችት ያጽዱ፤ በተለመዱት ቻቶችና ቻናሎች ያለው ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ከስልኩ ቢጠፋም በፈለጉ ጊዜ መልሰው ያወርዱታል። ዋትስአፕ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከስልኩ ያጠፉት ፎቶ ምትኬ ከሌለው ሄደ ማለት ነው። አንዳንድ አንድሮይዶች ማከማቻ የሚጨምር ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፣ አይፎን በጭራሽ አይቀበልም፤ ስለዚህ አይፎን ሲገዙ የማከማቻው መጠን ኋላ የማይታረም ውሳኔ ነው።

ራሙ (ለጊዜያዊ ሥራ የሚጠቀምበት ማኅደረ ትውስታ) አንድ ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ቀፎ ጉግል በ2017 «አንድሮይድ ጎ» የተባለ ቀለል ያለ እትም አውጥቷል። የአይፎን መዘግየት ደግሞ አንዳንዴ ከባትሪ ይመጣል፤ አፕል በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው ያረጀባቸው አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል። እንዲህ ያለው ስልክ ባትሪው ሲቀየር ይነቃል።

ፍላሽ ማስደረግ፣ ማለትም የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ ማስጫን፣ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጠጋኙ የሚጭነው የአምራቹን ትክክለኛ ሶፍትዌር መሆኑን ይጠይቁ፤ ፎቶና የስልክ ቁጥር ሁሉ ስለሚጠፋ ምትኬ ሳይዙ ቀፎውን አይስጡ፤ የጉግል አካውንትዎን የይለፍ ቃልም ያስታውሱ፤ ከፍላሽ በኋላ የሚጠየቁት እሱን ነውና።

ኖኪያ፣ ብላክቤሪና ሌሎቹ ስርዓቶች የት ሄዱ?

መተግበሪያ አጥተው ጠፉ። በእጃችን የነበሩት ብዙዎቹ የኖኪያ ስማርት ስልኮች የሚሠሩበትን ሲምቢያን ኖኪያ ትቶ፣ በፌብሩዋሪ 2011 የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ፎን መረጠ። ስርዓቱ ለስላሳና ፈጣን ነበር፤ ሆኖም መተግበሪያ ሠሪዎች ለሦስተኛ ስርዓት መድከም ስላልፈለጉ ማይክሮሶፍት ድጋፉን በጃንዋሪ 2020 ዘጋ። የብላክቤሪ አሮጌ ስልኮች አገልግሎትም በጃንዋሪ 4፣ 2022 ቆመ።

በሕይወት ያለው ሦስተኛ ስም የሁዋዌው ሃርመኒኦኤስ ነው። በ2019 የአሜሪካ የንግድ ገደብ ከተጣለ በኋላ የወጡ የሁዋዌ ስልኮች የጉግል አገልግሎት የላቸውም፤ በ2024 የወጣው አዲሱ የሃርመኒ እትም ደግሞ የአንድሮይድ መተግበሪያን በራሱ አያስኬድም። ቀፎው ጥሩ፣ ዋጋውም ደኅና ቢመስልዎ፣ የሚጠቀሙባቸው የባንክ መተግበሪያዎች በዚያ ቀፎ ላይ ሲሠሩ ሳያዩ አይግዙ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ብቀይር ምን ይጠፋብኛል?

ቴሌግራም ከሚስጥራዊ ቻቶች በቀር ምንም አያጎድልብዎትም። የስልክ ቁጥሮች በሲም ካርድ ላይ ካሉ አይፎን ያነባቸዋል፤ ራሱ ግን በሲም ላይ መመዝገብ ስለማይችል፣ ቁጥሮቹን በጉግል አካውንት ማስቀመጥ ለወደፊቱ ሁለቱንም ያስማማል። የዋትስአፕን መልእክቶች ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ማሻገር ከ2022 ጀምሮ ይቻላል፤ ነገር ግን አይፎኑ አዲስ ወይም አዲስ እንደሆነ የተደመሰሰ መሆን አለበት። መጠቀም ከጀመሩ በኋላ ካሰቡት እንደገና መደምሰስ ይኖርብዎታል። የከፈሉባቸው መተግበሪያዎች ግን አይሻገሩም።

አሮጌውን ስልክ በዚያው ቀን አይሽጡ። አንድ ሳምንት ያቆዩትና የረሱት ነገር ሁሉ መተላለፉን፣ የባንክ መተግበሪያዎቹም በአዲሱ ላይ መከፈታቸውን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ከአካውንትዎ ወጥተው ይደምስሱት፤ ይህን ካላደረጉ ዘመዴን ያጋጠመውን ችግር በሚቀጥለው ገዢ ላይ እርስዎ ያደርሱበታል።